በቤተ ክርስቲያን አድጎ መጠራጠር፤ ምንነቱ፣ መንሥኤውና መፍትሔው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በክርስቲያን ቤተሰብ ተወልደው፣ ወንዶቹ በ40 ሴቶቹ በ80 ቀናቸው ተጠምቀው፣ ማዕተብ በአንገታቸው ታስሮላቸው፣ ጾሙንና ስግደቱን ከወላጆቻቸው እያዩ ያደጉ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ያደጉበትን ሃይማኖት መጠራጠር ይጀምራሉ። ጥርጥሩ በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መልስ ያጣል፤ በላዩ ሌላ ይጨመርበታል። ከዓመታት በኋላም ያ ሰው በቅዳሴው መካከል ቆሞ በእውነት ማመኑን ራሱን ይጠይቃል።

ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለማንም አይናገረውም። ለእናቱ ቢነግራት ልቧ እንዳይሰበር ይሰጋል፤ ለንስሐ አባቱ ቢነግራቸው እንዳይቆጡት ይፈራል፤ ለጓደኞቹ ቢነግራቸው «መናፍቅ ሆነ» እንዳይሉት ይጨነቃል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ይጾማል፤ በበዓላት ነጠላውን አጣፍቶ ይሄዳል፤ ልቡ ግን ከወጣ ቆይቷል። እኛ ወላጆች፣ መምህራንና አገልጋዮች መውጣቱን የምናውቀው ብዙ ጊዜ ከረፈደ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጥርጥር ምን እንደ ሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን ባደጉ ሰዎች ልብ ከምን እንደሚነሣ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ እርሱ ምን እንደሚያስተምሩን፣ እንዲሁም የሚጠራጠረው ሰውና በዙሪያው ያለን ሁሉ ምን ልናደርግ እንደሚገባን እንመለከታለን።

1. የጥርጥር ምንነት

በግእዝ «ናፈቀ» ማለት ተጠራጠረ፣ ልቡ ተከፈለ ማለት ነው። «መንፈቅ» ማለት ደግሞ እኩሌታ ማለት ሲሆን የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው። ከዚህ የምንረዳው ጥርጥር የልብ መከፈል መሆኑን ነው። የሚጠራጠር ሰው እኩሌታ ልቡ ያምናል፤ እኩሌታው ይጠይቃል፤ በሁለቱ መካከልም ይደክማል። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ እንዲህ ያለውን ሰው ነፋስ በሚያናውጠው የባሕር ማዕበል መስሎታል (ያዕ. 1፥6-8)።

«መናፍቅ» የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ይሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህ ስም የሚሰጠው ስሕተቱ ተነግሮት፣ ተመክሮና ተገሥጾ፣ እያወቀ በስሕተቱ ለጸናና ሌላውንም ለሚያስት ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት እንኳ እንዲህ ያለው ሰው ከመራቁ በፊት አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ እንዲመከር አዝዟል (ቲቶ 3፥10)። በአርዮስ ላይ እ.ኤ.አ. በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተፈረደው 318ቱ አባቶች ተሰብስበው ትምህርቱን ከመረመሩ በኋላ ነው። አንድ ወጣት ስለ ጾም ወይም ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ስለ ጠየቀ ብቻ በዚህ ስም መጥራት ሥርዓቱን ከሠሩት አባቶች መንገድ መውጣት ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ጥያቄ ያላወቁትን ለማወቅ መሻት ነውና ኃጢአት አይደለም። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም መልአኩ ባበሠራት ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ጠይቃለች፤ መልስም ተሰጥቷታል (ሉቃ. 1፥34-35)። ሁለተኛው ጥርጥር ነው፤ እርሱም መልስ ያጣ ወይም የተሰጠው መልስ ያላረካው ልብ የሚደርስበት የመከፈል ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ሳይፈልጉት በኅሊና የሚመላለስ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ነው። መጻሕፍተ መነኮሳት እንደሚያስተምሩት ወደ ልብ የሚመጣ ሐሳብና ልብ ፈቅዶ የሚቀበለው ሐሳብ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ፈቃድ ሲጨመርበት ነው በኀልዮ የሚሠራ ኃጢአት የሚሆነው። አራተኛው ክህደት ነው፤ ይህም በፈቃድ እምነትን መተው ነው። ብዙ ሰዎች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ሳሉ አራተኛው ላይ የደረሱ ይመስላቸዋል፤ ተስፋ የሚቆርጡትም በዚህ ነው።

2. ጥርጥር ከምን ይነሣል?

2.1 ሁሉም በአንድ ቋጠሮ ሲሰጥ

በእኛ አመለካከት ከመንሥኤዎቹ ሁሉ ሰፊው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውና ምእመናን የሚፈጽሙት ሁሉ በአንድ ደረጃ ላይ ያለ አይደለም። መሠረቱ ዶግማ ነው። ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ይባላሉ። በእነዚህ ላይ አይጨመርም፤ አይቀነስም። ቀጥሎ ቀኖና አለ፤ ይህም ሐዋርያትና ሊቃውንት ምእመናን ወደ ድኅነት የሚደርሱበትን መንገድ ያበጁበት ሥርዓት ነው። ሥርዓት ስለ ሆነም ለሰው አቅም፣ ለሕመምና ለዕድሜ ቦታ አለው። ሦስተኛው የአገር ባህልና ልማድ ነው። አንዳንዱ ልማድ መልካም ነው፤ አንዳንዱም ከሃይማኖት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

በብዙ ቤቶች ግን ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ልጅ እግዚአብሔር አንድም ሦስትም መሆኑን በሚሰማበት አንደበት፣ ረቡዕና ዓርብ መጾም እንደሚገባ ይሰማል፤ በዚያው አንደበት ደግሞ በምሽት ማፏጨት ሰይጣን እንደሚጠራ ይነገረዋል። ለሁሉም የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ «ኃጢአት ነው» ይባላል። ልጁ አድጎ በምሽት ቢያፏጭ ምንም እንዳልሆነ ባየ ጊዜ የመጀመሪያው ክር ይመዘዛል። ክሩ አንድ ስለሆነበት ጥበቡ ሁሉ የሚተረተር ይመስለዋል። የተጠራጠረው ልማዱን ሲሆን ሃይማኖቱን የተጠራጠረ ይመስለዋል።

ሐዋርያት ይህን ጉዳይ ገና ከመጀመሪያው አግኝተውታል። ከአሕዛብ ያመኑት እንዲገዘሩና የሙሴን ሕግ እንዲጠብቁ የሚያስገድዱ ሰዎች በተነሡ ጊዜ በኢየሩሳሌም ተሰብስበው መረመሩ፤ ለመዳን አስፈላጊ ያልሆነውን ሸክም በአማንያን ትከሻ ላይ እንዳይጭኑም ወሰኑ (ሐዋ. 15፥1-29)። ውሳኔው በዝምታ ወይም በቁጣ የተገኘ አልነበረም፤ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል።

ጾምን በምሳሌነት እንመልከት። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ምን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደ ሆነም ይናገራል፤ የሥጋ ፈቃድ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም የተራበን ሳያጎርሱ፣ የተገፋን ነጻ ሳያወጡ የሚጾሙትን ጾም ነቅፏል (ኢሳ. 58)። ዓላማውን ያልተነገረው ልጅ ግን ጾምን የሚያውቀው በሥጋና በወተት ዝርዝር ነው። አንድ ቀን ጾሙን ገድፎ መብረቅ እንዳልወረደበት ሲያይ ጾሙን ብቻ ሳይሆን ያስጾሙትንም መጠራጠር ይጀምራል።

2.2 ጥያቄ ሲከለከል

«ሃይማኖት አይጠየቅም» የሚል አነጋገር በብዙ ወላጆች አፍ ይሰማል። ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩት ግን ሌላ ነው። እግዚአብሔር ፋሲካን ሲሠራ ልጆች የሥርዓቱን ትርጉም እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ወላጆች ምን ብለው እንደሚመልሱም አስተምሯል (ዘፀ. 12፥26-27)። ኢያሱ ዮርዳኖስን ከተሻገሩ በኋላ 12 ድንጋዮች እንዲቆሙ ያደረገው ልጆች ድንጋዮቹ ምን እንደ ሆኑ እንዲጠይቁና እንዲነገራቸው ነው (ኢያ. 4፥6-7)። የልጅ ጥያቄ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ቦታ የሰጠው ነገር እንጂ የሥርዓቱ ጠላት አይደለም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም በጥያቄ የኖሩ ናቸው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበዛ ትርጉም ይማራል። ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖችም በአንድ ሃይማኖት ጸንተው በሐተታ ይለያያሉ። በዚህ ባህል ውስጥ ሊቃውንትን ያፈራች ቤተ ክርስቲያን የአንድ ወጣት ጥያቄ ያናውጣታል ብሎ መፍራት እርስዋን አለማወቅ ነው።

2.3 እግዚአብሔር ቀጪ ብቻ ሆኖ ሲታይ

እግዚአብሔርን መፍራት የጥበብ መጀመሪያ መሆኑን መጽሐፍ ያስተምረናል። መጀመሪያ ማለት ግን ፍጻሜ ማለት አይደለም፤ ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ እንደሚጥል ይነግረናል (1ኛ ዮሐ. 4፥18)። ውኃ በፈሰሰ፣ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ ስለ እግዚአብሔር የሚያውቀው ቅጣቱን ነው። ካደገ በኋላ ከወላጆቹ ቅጣት ነጻ ሲወጣ ከእግዚአብሔርም ነጻ የወጣ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው የካደው በመጻሕፍት የተገለጠውን አምላክ ሳይሆን በቁጣ የተሣለበትን ሥዕል ነው።

2.4 የአገልጋዮች ድካምና የቤተ ክርስቲያን መከፋፈል

ብዙዎች መጠራጠር የሚጀምሩት መጽሐፍ አንብበው ሳይሆን ሰው አይተው ነው። በመቅደስ የሚያገለግል ሰው በገንዘብ ሲጣላ፣ በዘር ሲከፋፈል፣ የሚያስተምረውን ሳይኖረው ሲያዩ ትምህርቱንም ይጠራጠራሉ። በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ሃይማኖት የሚያምኑ ወላጆቻቸው በአስተዳደር ተለያይተው በተለያዩ አጥቢያዎች ሲያስቀድሱ እያዩ አድገዋል። ቅዱስ ሲኖዶስ በሁለት ተከፍሎ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተደረገው እርቅ ታላቅ ደስታ ነበር፤ በነዚያ ዓመታት ያደገ ትውልድ በልቡ የያዘው ጥያቄ ግን በአንድ ቀን አይጠፋም።

ለዚህ ጥርጥር የሚሰጠው መልስ ጥፋቱን መሸፈን አይደለም። ጌታችን በሙሴ ወንበር የተቀመጡትን ሥራቸውን ገልጦ ነቅፏል፤ የሚያስተምሩትን እውነት ግን እንዲጠብቁ አዝዟል (ማቴ. 23፥2-3)። ከ12ቱ ሐዋርያት አንዱ ይሁዳ መሆኑን ወንጌላውያን አልደበቁም። ጥፋትን ጥፋት ብሎ የሚጠራ አባት የወጣቱን እምነት ይጠብቃል፤ የሚሸፍን ግን እውነትና ቤተ ክርስቲያን የተለያዩ እንዲመስሉት ያደርጋል።

2.5 መከራና አዲስ ዕውቀት

የጸለዩለት ወንድም ሲሞት፣ ጻድቅ ሲቸገር ክፉው ሲበለጽግ ማየት የቆየ የጥርጥር ምንጭ ነው። መዝሙረኛው አሳፍ የኃጥኣንን ሰላም አይቶ እግሮቹ ሊሰናከሉ ጥቂት እንደ ቀራቸው ሳይደብቅ ተናግሯል (መዝ. 72)። ይህ መዝሙር በየገዳማቱና በየቤቱ በሚጸለየው ዳዊት ውስጥ አለ። ጻድቁ ኢዮብም በመከራው ብዙ ጠይቋል። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በመከራ ውስጥ ሆኖ በጠየቀው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ዝግጁ መልስ ይዘው በኮነኑት ወዳጆቹ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)።

በዩኒቨርሲቲና በኢንተርኔት የሚገኘው ዕውቀትም አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ተማሪው ስለ ዓለም አፈጣጠር በክፍል የተማረውን ይዞ ሲመጣ «ይህን አትስማ» ከማለት፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ፈጣሪን፣ ለምን እንደ ፈጠረንና ወዴት እንደምንሄድ ሊነግሩን እንደ ተጻፉ አስረድቶ አብሮ ማንበብ ይሻላል።

3. ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ

3.1 ቅዱስ ቶማስና ስምንቱ ቀናት

ቅዱስ ቶማስ ጌታችን በትንሣኤው ዕለት ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ አብሯቸው አልነበረም። በነገሩት ጊዜ የችንካሩን ምልክት ካላየ፣ እጁንም በጎኑ ካላገባ እንደማያምን ተናገረ። ከስምንት ቀን በኋላ ጌታችን ደጆቹ ተዘግተው ሳሉ መጥቶ ሰላምን ሰጣቸው፤ ከዚያም ቶማስን እንዲዳስስ ጋበዘው። ቶማስም ጌታውና አምላኩ መሆኑን መሰከረ (ዮሐ. 20፥24-29)።

በዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ። በነዚያ ስምንት ቀናት ቶማስ የት ነበር? ወንጌሉ በስምንተኛው ቀን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በቤት ውስጥ እንደ ነበረ ይነግረናል። አላመነም፤ ነገር ግን ተለይቶ አልሄደም። አሥሩም ጌታን አይተው ደስ ብሏቸው ሳለ ያላመነውን ወንድማቸውን ከመካከላቸው አላስወጡትም። ጌታችንም ሲገለጥ ስለ ዘገየ እምነቱ ቢገሥጸውም የጠየቀውን አልከለከለውም። ያ ቤት ቶማስን አስወጥቶት ቢሆን ኖሮ ጌታን የሚያገኝበት ቦታ ባላገኘ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ቀን ዳግም ትንሣኤ ብላ ከትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ታከብረዋለች። የሐዋርያውን ዕረፍት ደግሞ ግንቦት 26 ቀን ታስባለች። የተጠራጠረው ሐዋርያ እስከ ሰማዕትነት የደረሰ ምስክር ሆኗል።

3.2 የሕፃኑ አባትና የዮሐንስ ደቀ መዛሙርት

ክፉ መንፈስ ያሠቃየው የነበረ ልጅ አባት በጌታችን ፊት ቆሞ ማመኑንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ተናግሯል፤ ለአለማመኑም ርዳታ ለምኗል (ማር. 9፥24)። ጌታችን ሙሉ እምነት ይዘህ ተመለስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ይህ ሰው የተከፈለ ልብ ይዞም መጸለይ እንደሚቻል አሳይቶናል።

መጥምቁ ቅዱስ ዮሐንስም በወኅኒ ሳለ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ጌታችን ልኮ የሚመጣው እርሱ መሆኑን አስጠይቋል (ማቴ. 11፥2-6)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም መጥምቁ ተጠራጥሮ ሳይሆን የደቀ መዛሙርቱን ጥርጥር ሊያርቅ እንደ ላካቸው ያስተምራል። መምህሩ የተማሪዎቹን ጥርጥር ባወቀ ጊዜ አልገሠጻቸውም፤ ራሳቸው ሄደው ከምንጩ እንዲጠይቁ ላካቸው።

3.3 የሞኒካ ልጅና ስሙ ያልተጻፈው ጳጳስ

በአራተኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር የተወለደው አውግስጢኖስ (እ.ኤ.አ. ከ354 እስከ 430) ክርስቲያን እናቱ ሞኒካ በሃይማኖት ያሳደገችው ልጅ ነበር። በወጣትነቱ መጽሐፍ ቅዱስን አንብቦ ናቀው፤ የማኒ ተከታዮች ከሚባሉት መናፍቃን ጋርም ተቀላቅሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በአንዳንድ ትምህርቱ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ልዩነት ቢኖራቸውም «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የጻፈው የሕይወቱ ታሪክ ለያዝነው ርእስ ትልቅ ትምህርት አለው።

ሞኒካ ልጇን ተከራክሮ እንዲመልስላት አንድን ጳጳስ በእንባ ለመነች። ጳጳሱ ግን ልጇ ገና በአዲሱ ነገር እንደ ታበየና ክርክር እንደማይሰማ ነግሯት፣ እንድትተወውና ስለ እርሱ እንድትጸልይ መከራት። ምክንያቱንም ከራሱ ሕይወት ነገራት። እርሱ ራሱ በሕፃንነቱ እናቱ ተታላ ለማኒ ተከታዮች ሰጥታው ነበር። መጻሕፍታቸውን አንብቦ፣ በእጁም ገልብጦ፣ ማንም ሳይከራከረው ስሕተት መሆናቸውን ቀስ በቀስ አውቆ ተዋቸው።

አውግስጢኖስም እንዲሁ ሆነ። የማኒ ተከታዮች ስለ ሰማይና ከዋክብት የሚያስተምሩት ከሥነ ፈለክ ሊቃውንት ስሌት ጋር እንደማይስማማ አየ። ፋውስጦስ የተባለው ታዋቂ መምህራቸው ሲመጣ ጥያቄው ሁሉ እንደሚመለስ ነግረውት ነበር። ፋውስጦስ መጣ፤ አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ጥያቄውን ግን መመለስ አልቻለም። አውግስጢኖስ በኋላ ወደ ሚላን ሄዶ የጳጳሱን የአምብሮስዮስን ስብከት ሲሰማ፣ የናቀው ብሉይ ኪዳን ያልተረዳው ጥልቅ ምሥጢር እንዳለው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ387 ዓ.ም. በፋሲካ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጥርጥር መንገድ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ ነው። ያንኑ ጳጳስ ጥርጥር ከስሕተት አውጥቶታል፤ አውግስጢኖስን መጀመሪያ ከእናቱ ሃይማኖት አራቀው፤ በኋላ ከመናፍቃኑም አራቀው። መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ የሚወስነው በአመዛኙ በመንገዱ ላይ የሚገኘው ሰው ነው። አውግስጢኖስ ከናቀው መጽሐፍ ጋር የታረቀው የሚተረጉምለት መምህር ባገኘ ጊዜ ነው።

4. ምን እናድርግ?

4.1 የሚጠራጠር ሰው

አስቀድሞ ጥርጥሩን በስሙ መጥራት ይገባዋል። «ሁሉንም ተጠራጥሬአለሁ» የሚል ሰው በጽሑፍ ቢዘረዝረው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ነው። ከዚያም እያንዳንዱን «ይህ ዶግማ ነው? ቀኖና ነው? የአካባቢዬ ልማድ ነው? ወይስ አንድ ሰው ያደረሰብኝ በደል ነው?» ብሎ ይለየው። ለበደል የሚያስፈልገው ፍትሕና ፈውስ ነው፤ ለልማድ የሚያስፈልገው ማጣራት ነው፤ ለዶግማ የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ለንስሐ አባቱ ያቅርብ። እርሳቸው መመለስ ካልቻሉ የመጻሕፍት መምህር ወይም የነገረ መለኮት ትምህርት የተማረ አገልጋይ እንዲያገናኙት መጠየቅ ነውር አይደለም። የአንድ አባት አለማወቅ የቤተ ክርስቲያን አለማወቅ አይደለም። ስለ ቅዱስ ቁርባንም ከራሱ ጋር ብቻ ተማክሮ አይወስን፤ ለአባቱ እውነቱን ነግሮ ምክራቸውን ይስማ።

ሦስተኛ፣ ጸሎትን አይተው። የሚያምነውን ያህል ይጸልይ፤ ከላይ እንዳየነው አባት አለማመኑን ራሱን የጸሎቱ ርእስ ሊያደርገው ይችላል። እንደ ቅዱስ ቶማስም ስምንቱን ቀን በቤቱ ይቆይ። በቁጣ ወይም በኀዘን ሰዓት የሚደረግ ውሳኔ ከጥያቄው ይልቅ ቁስሉን የሚመልስ ነውና ጊዜ ይስጠው።

4.2 ወላጆች

ልጃቸው መጠራጠሩን የነገራቸው ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ልጁ ይህን መንገሩ እምነት ስለ ጣለባቸው ነው። ያን ጊዜ የሚሰጡት መልስ ሁለተኛ እንዲነግራቸው ወይም እስከ መጨረሻው እንዲደብቃቸው ያደርገዋል። ሐዋርያው አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ ግን እንዲያሳድጓቸው አዝዟል (ኤፌ. 6፥4)። መስደብ፣ ከዘመድ ፊት ማዋረድ፣ ከቤት ማስወጣት ከዚህ ትእዛዝ ውጭ ነው።

ጠበል ቅዱስ ነው፤ በእምነት ለሚጠመቁበትም ፈውስ ነው። ነገር ግን ጥያቄ የጠየቀን ልጅ ሁሉ መንፈስ እንዳደረበት ቆጥሮ በግድ ወደ ጠበል መውሰድ ጥያቄውን አይመልስም፤ ከጠበሉም ያርቀዋል። መልሱን የማያውቅ ወላጅ «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ይበል። ይህ ቃል ወላጅን አያሳንስም።

በውጭ አገር ያሉ ወላጆች ድካም ድርብ መሆኑን እንረዳለን። ልጆቻቸው በሌላ ቋንቋ ያስባሉ፤ በግእዝና በአማርኛ የሚሰሙትን ቅዳሴና ስብከት ሙሉ በሙሉ አይረዱም። ሳይረዱ ለሰዓታት መቆም ለሕፃን ልማድ ሊሆን ይችላል፤ ለወጣት ግን ጥያቄ ነው። በቤት ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን የዕለቱን ወንጌል ልጆቹ በሚረዱት ቋንቋ አንብቦ መነጋገር ትልቅ ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ ሥራ ነው። ቅዱስ ጢሞቴዎስ አባቱ ግሪካዊ ሳለ በእምነት ያደገው በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)።

4.3 የንስሐ አባቶች፣ መምህራንና ሰንበት ትምህርት ቤቶች

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ምክንያትን ለሚጠይቁን ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ አዝዞናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ትእዛዙ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ዝግጅት ነው፤ ሁለተኛው የዋህነት ነው። ያልተዘጋጀ የዋህ ጥያቄውን ሳይመልስ ይሸኛል፤ የዋህ ያልሆነ ዐዋቂም ጠያቂውን ያስፈራዋል።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ስም ሳይጻፍ ጥያቄ የሚቀርብበት መርሐ ግብር ቢኖር በግልጥ ለመናገር የሚፈሩ ብዙዎች ይተነፍሳሉ። በመልሱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሆነው ትምህርት፣ ልማድ የሆነው ልማድ ተብሎ ተለይቶ ይነገራቸው። ምሥጢር ከመመርመር በላይ የሚሆንበት ቦታ እንዳለ እናምናለን፤ ነገር ግን «ምሥጢር ነው» የሚለው ቃል መምህሩ ላላነበበው መጽሐፍ መሸፈኛ ሊሆን አይገባም።

5. የሄዱትስ?

የሚጠራጠር ሁሉ ይመለሳል ብለን ተስፋ እንጂ ዋስትና መስጠት አንችልም። እግዚአብሔር ሰውን ነጻ ፈቃድ ሰጥቶ ፈጥሮታል። ከጌታችን ከራሱ ዘንድ እንኳ ብዙዎች ትምህርቱ ከብዷቸው ተመልሰው ሄደዋል፤ እርሱም 12ቱን እነርሱም ሊሄዱ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው እንጂ በግድ አልያዛቸውም (ዮሐ. 6፥66-69)። በጠፋው ልጅ ምሳሌም አባቱ ድርሻውን ሰጥቶ አሰናበተው፤ ልጁ ሲመለስ ግን ገና ሩቅ ሳለ አየው (ሉቃ. 15፥11-32)። ከሩቅ ሊያየው የቻለው መንገዱን ይመለከት ስለ ነበር ነው።

ልጁ ከቤተ ክርስቲያን የወጣበት ወላጅ ይህን መንገድ መመልከት አያቋርጥ። ስልክ መደወሉን፣ በበዓል ወደ ማዕድ መጥራቱን፣ መታመሙንና ደስታውን መጋራቱን አይተው። ምናልባት ያ ሰው ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ለብዙ ዓመታት የሚያነበው ብቸኛ መጽሐፍ የወላጆቹ ፊት ሊሆን ይችላል። ለእርሱ የሚደረግ ጸሎትም፣ እንደ ሞኒካ ጸሎት፣ ዓመታትን ይፈጅ ይሆናል።

በጥርጥር ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ይህን ዕወቁ፤ ቅዱስ ቶማስ የነበረበት ቤት በሩ አልተዘጋባችሁም። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ግቡ።

ቸሩ አምላካችን እግዚአብሔር የተከፈለውን ልባችንን አንድ ያድርግልን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሐዋርያት ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።